ጣራውን የደገፈች መኪና

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወርደው መንገድ ላይ ቆሜ የምውል ትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። መንግሥት ያስታጠቀኝ አንድ ፊሽካ፣ ነጭ እጅጌ፣ የክስ ደብተርና የመለኪያ ሜትር ነው። ሞተር ብስክሌት መሀል ከተማ ለሚሠሩት እንጂ ለእኔ ቢጤ አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ሹፌር አልቆምም ብሎ ካለፈ የማደርገው ነገር ቢኖር ታርጋውን አንብቤ መጻፍ ነው፤ ያውም አቧራው ካሳየኝ።

መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ኮረት ነው፤ ጠባብ ነው። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱበታል፤ ከራጉኤል ተሳልመው የሚመለሱ ሰዎች ይወርዱበታል፤ አህያው፣ በቅሎው፣ ቄሱ፣ ተማሪው ሁሉ በዚያው ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የባሕር ዛፍ ግንድ የቆለሉ የጭነት መኪናዎች ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ለመኪና ኢንሹራንስ መግባት ግዴታ አልነበረም። የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይተዋል፤ በእኔ መንገድ ላይ የፈለገ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ፍሬን ግን ግዴታ ነበር። እኔን የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው፤ ግዴታ የሆነውንም ቢሆን የሚጠይቅ አልነበረም።

ከመኪናዎቹ አንዷን ከሩቅ በድምጿ አውቃታለሁ። ጣሊያን ጥሏት የሄደች አሮጌ ናት፤ ቁልቁለቱን ስትጀምር እንደታመመ ሰው ታቃስታለች። ሹፌሯ ጦር ሠራዊት ውስጥ የነበረ፣ ረጋ ያለ፣ ሳል የማይለየው ሰው ነው። አንድ ቀን ጥምዙ ጋ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። ቆመ ለማለት ያስቸግራል። በማርሽ እየጎተተ ከእኔ አልፎ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደ፤ ከዚያ ተንደርድሮ ወረደና ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቀ።

"ፍሬኑስ?" አልኩት።

"ፍሬኑማ ይይዛል፤ ሦስቴ ደጋግመው ሲረግጡት።"

"አንተ ሦስቴ እስክትረግጥ ሰዉ ቆሞ ይጠብቅሃል?"

"እኔም ለጌታው ነግሬያቸዋለሁ" አለኝ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ። "ከፋሲካ ጀምሮ እየነገርኳቸው ነው። 'ይህችን ጭነት አድርስና እናያለን' ይሉኛል። ጭነት መቼ ያልቃል?"

መንጃ ፈቃዱን ተቀበልኩት። የመኪናዋንም ታርጋ ፈትቼ በብብቴ ይዤ ጣቢያ ገባሁ። አንድ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ያን ቀን ራቴን ደስ ብሎኝ በላሁ።

በማግስቱ የጣቢያችን አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ነጭ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ደልደል ያለ ሰው ተቀምጧል። የመኪናዋ ባለቤት ነው። ለጡብ ማቃጠያዎችና ለዳቦ ቤቶች እንጨት ያቀርባል፤ በአካባቢው የተከበረ፣ ለቤተ ክርስቲያንም እጁ የሚፈታ ሰው ነው ይባላል።

"ልጄ" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ሥራህን መሥራትህ ደስ ይለኛል። ግን መኪናዋ ቆማ ከዋለች ሠራተኞቼ ምን ይበላሉ?"

"ፍሬን የላትም፣ ጌታዬ። ሰው ብትገጭስ? ኢንሹራንስ እንኳ አላት?"

ሳቀ። ሻምበሉም አብሮት ሳቀ።

"ኢንሹራንስ ፈረንጅ ፈጣሪውን ስለማያምን ያመጣው ነገር ነው" አለ ሰውየው። "የእኔ ኢንሹራንስ ራጉኤል ነው። ሥዕሉን መስተዋቷ ላይ አላየኸውም?"

ሥዕሉንማ አይቼዋለሁ። ያላየሁት ፍሬኑን ነው። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ሻምበሉ ቀደመኝ።

"ፍሬኑን አሠራለሁ ብለው ዋስ ጠርተዋል። ታርጋውንና የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ መልስላቸው።"

"ተሠርቶ ካየሁት በኋላ ብመልስስ፣ ጌታዬ?"

"መልስ አልኩህ!"

ወደ ግቢው ስወጣ መኪናዋ እዚያው ቆማለች። ታርጋ የሌላትን፣ ፍሬን የሌላትን መኪና እስከ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ድረስ ነድተው አምጥተዋታል፤ በሩን የሚጠብቀው ባልደረባዬም ከፍቶ አስገብቷታል። ተንበርክኬ ብሎኑን በገዛ እጄ አጠበቅሁ። ሰውየው ከበላዬ ቆሞ "በቀኝ በኩል ላላ ብላለች፣ ደህና አድርገህ እሰራት" ይለኛል። እንዳለኝ አጥብቄ አሰርኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የማያቋርጥ ክላክስ ሰማሁ። ቀና ስል ያቺው መኪና ግንዷን እንደ ተራራ ቆልላ ከላይኛው ጥምዝ ብቅ አለች። ፊሽካዬን ነፋሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ፍሬን የሌላትን መኪና በፊሽካ ሊያስቆም የሚሞክር ሰው ምን ይባላል? ከእኔ ዝቅ ብሎ ሰባት ስምንት ሴቶች የቅጠል ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሹፌሩ አያቸው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። መኪናዋ ከመንገዱ ወጣች፤ የቁልቋሉን አጥር ጣሰች፤ ከመንገዱ ሥር ባለች የጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ በአፍንጫዋ ገባች።

የቤቱ ጌታ በዘበኝነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ክላክሱን ሰምተው ወደ ጎን ሲሉ የግድግዳው ቁራጭ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔና ሴቶቹ ጭቃውን በእጃችን እየዛቅን አወጣናቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰብሯል። አልጮሁም። "ሴትየዋ ገበያ ናት፤ ስትመጣ አታስደንግጧት" ብቻ አሉ። በሚያልፍ ጂፕ አሳፍረን ሆስፒታል ላክናቸው። ሹፌሩ ግንባሩ ተተርትሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። "ነግሬያቸው ነበር" ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ቤቱን ዞሬ አየሁት። የፊት ግድግዳው የለም። የጣራው ዋና ወራጅ ከምሰሶው ተላቅቆ ጋቢናው አናት ላይ አርፏል። ቆርቆሮውን ሁሉ ተሸክማ የቆመችው መኪናዋ ናት።

ባለመኪናው እኩለ ቀን ሳይሆን ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ኮፈኗን አየ፤ እጁን ሰዶ ዳበሰ።

"ራዲያተሯ ተርፋለች" አለ።

"ሰውየውስ ብለው አይጠይቁም?" አልኩት።

"ነፍሱ አለች አሉኝ እኮ!"

የሽማግሌው ባለቤት ሾላ ገበያ ቅቤና እንቁላል የሚሸጡ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ናቸው። ከሰዓት በኋላ መጡ። የሆነውን ነገርናቸው። ቅርጫታቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ወደ ሆስፒታል ሄዱ፤ እዚያው አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ሲመለሱ ባለመኪናው ሌላ መኪናና የብረት ሰንሰለት ይዞ ሊጎትት ተዘጋጅቷል። ሴትየዋ ጣራቸውን አዩ፤ ሰንሰለቱን አዩ። ከዚያ ከውጭ የቀረውን የጋቢና በር ከፈቱና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጥተው ተቀመጡ።

"ውረጂ እንጂ ሴትዮ፣ ልንጎትታት ነው!" አለ ባለመኪናው።

"አልወርድም።"

"ቤትሽ ይጠገናል፤ ባልሽም ይታከማል። ቃሌ ነው።"

"እርስዎ ይህችን መኪና ይዘው ከሄዱ በኋላ እኔ እርስዎን የት አገኝዎታለሁ?"

"አገር የሚያውቀኝ ሰው ነኝ! ራጉኤል ምስክሬ ነው!"

"ራጉኤልን ተወው" አሉ፤ አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። "ራጉኤል ቁልቁለቱን አልነዳም። የነዳው ያንተ ሰው ነው፤ የተነዳችውም ያንተ መኪና ናት። ምሰሶዬን ጥለህ መኪናህን ምሰሶ አድርገህ አቆምክልኝ። አሁን እሷንም ነቅለህ ልትሄድ ነው?"

ከዚያ ወደተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞረው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ባለመኪናው ብቻ ቀላ። ምን እንዳሉ ማንም አልተረጎመልኝም።

ሻምበሉ ተጠርቶ መጣ። ግራ ቀኙን አየና ወደ እኔ ዞሮ "አውርዳት" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬን እንደ ድሮው ወድጄው አላውቅም። ፍሬን የሌላትን መኪና ከመንገድ ማውረድ ያልተፈቀደልኝ ሰው፣ የባሏ እግር የተሰበረባትን ሴት ግን ማውረድ ተፈቀደልኝ። መርገጫው ላይ ወጣሁ።

"እማማ፣ ይውረዱ። ታዝዤ ነው።"

"አንተ አይደለህ ያኔ ታርጋዋን የፈታኸው? ሰፈሩ ሁሉ አውርቶታል።"

"ነኝ።"

"ማን መልሶ ገጠማት?"

 

"እኔው ነኝ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ዛሬም እኔን አውርድና እሷን ልቀቃት" አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረድኩና ሻምበሉ ፊት ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ።

"ጌታዬ፣ የአደጋው ፕላን አልተነሣም። ቦታው ተለክቶ ሳያልቅ መኪናዋ ብትነቃነቅ ዐቃቤ ሕግ እኛን ነው የሚጠይቀን።"

"ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?"

"ሽማግሌውን ከጭቃ ሳወጣ ዋልኩ።"

ሻምበሉ ወደ ሕዝቡ አየ። ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው በሙሉ ቆመዋል፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። "ለካ እንግዲህ!" ብሎኝ ሄደ።

ለካሁ። ከመንገዱ ዳር እስከ አጥሩ ለካሁ፤ ከአጥሩ እስከ ጎማው ለካሁ። በማግስቱ መጥቼ ያንኑ እንደገና ለካሁ። ባለመኪናው "ትናንት ለክተኸው የለም ወይ?" ሲለኝ "ሜትሩ ረግቦ ነበር" አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ አንድ ግንድ አነቃንቀው ስለነበር ሁሉም ከመጀመሪያው ተለካ። ደንብ ያወጡት ሰዎች ደንቡን ለእንዲህ ያለ ነገር አላወጡትም፤ ግን ለዓመት ያህል በደንብ ስም ስላላገጡብኝ፣ እኔም ለአንድ ሳምንት ባላግጥ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ሳምንቱ አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

ሴትየዋ ጎህ ሲቀድ ጋቢናው ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያው ጥጥ ይፈትላሉ። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ጎረቤት ይተካቸዋል። ባለመኪናው በየቀኑ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን "መኪናዋ የእኔ አይደለችም፤ ሊብሬዋ በአማቼ ስም ነው" አለ። "እንግዲያው አማችህ ይምጣና ያውጣት" አሉት። ሌላ ቀን ጥፋቱ የሹፌሩ ነው አለ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ "ሰው መንገድ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል?" አለ። ሜትሩን ጥዬ ልሄድበት ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌዎች ግንዶቹ ላይ ተቀምጠው ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

"ይቅርታውን እሰጣለሁ" አሉ። "መጀመሪያ ግድግዳው ይቁም፤ ከዚያ መኪናዋ ትውጣ። ሐኪም ቤቱን እሱ ይቻል። ባሌ ተነሥቶ እስኪቆም በየወሩ ጤፍ ይስፈርልን። ይኸው ነው።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ተስማማ። ኅሊናው ወቅሶት አይደለም፤ ጡብ የሚያቃጥሉት ደንበኞቹ ሌላ እንጨት አቅራቢ መፈለግ ስለጀመሩበት ነው። ውሉን ከክስ ደብተሬ ወረቀት ገንጥዬ እኔው ጻፍኩት። እሱ ፈረመ፤ እሳቸው የአውራ ጣታቸውን አተሙ፤ ሽማግሌዎቹም መሰከሩ። አናጢዎች መጡ። ጣራውን ለመደገፍ እንጨት ሲያስፈልግ ሴትየዋ ወደ መኪናዋ ጭነት ጠቆሙ።

"ኧረ ግንዱ የሰው ትእዛዝ ነው!" ብሎ ጮኸ ባለመኪናው።

"ቤቱስ የሰው አልነበረም?" አሉት።

ጣራው በዚያው ግንድ ተደገፈ፤ አዲስ ምሰሶ ተተከለ፤ ግድግዳው ተማገረ፤ ጭቃ ተመረገ። መኪናዋ ተጎትታ መንገድ ላይ እንደወጣች፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ታርጋዋን እንደገና ፈታሁ። ሻምበሉ አልከለከለኝም። ፍሬኗ ተሠርቶ ሲመጣ ራሴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አስነዳኋት፤ በአንድ እርግጫ ቆመች። ዋጋው ባለቤቱን ሲያስፈራው የከረመው ጥገና የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን! ለአንድ ቀን ሥራ ከፋሲካ እስከ ታኅሣሥ ሲለመን የኖረ ሰው ነው።

ወሩ ሳያልቅ ወደ ጉርድ ሾላ ተዛወርኩ። "አንተ መለካት ትወዳለህ፤ እዚያ ሰፊ ሜዳ አለልህ" አለኝ ሻምበሉ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ። ጉርድ ሾላ ያኔ ከመኪና ይልቅ ከብት የሚያልፍበት ቦታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮርማ አሳልፋለሁ።

ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ በምርኩዝ ቤታቸው ገቡ፤ እግራቸው አጥሮ ቀረ። ሹፌሩ ተከሰሰ። ለምስክርነት ተጠርቼ፣ ሦስቴ ሲረገጥ ብቻ ይይዝ ስለነበረው ፍሬን፣ ስለ ታርጋውና ስለ መመለሱ ሁሉንም ተናገርኩ። ጸሐፊው ጻፈው። ባለመኪናውም ምስክር ሆኖ ቀርቦ "ፍሬኑን እንዲያሠራ በተደጋጋሚ አስጠንቅቄው ነበር" ብሎ ማለ። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ አሳለ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙና "ጌታዬ፣ ይህ ሰው ክላክሱን ባይነፋ እኔ ሞቼ ነበር፤ መሪውን ባይጠመዝዝ እነዚያ ሴቶች አልቀው ነበር" አሉ። ዳኛው አመሰገኗቸው። ሹፌሩ ስድስት ወር ተፈረደበት።

ጤፉ ሁለት ወር መጣ፤ በሦስተኛው ቀረ። መኪናዋ ከእጃቸው ከወጣች በኋላ ውሉን የሚያስታውስ ጠፋ። ሴትየዋ ከሰሱ። የፍርድ ቤቱን ነገር ባልዘረዝረው ይሻላል፤ ሳስታውሰው ራሴን ያመኛል። አንድ ቀን መዝገቡ አይገኝም፤ አንድ ቀን ዳኛው የሉም፤ አንድ ቀን ሊብሬው በስሙ ያለው አማች ደሴ ነው ይባላል። እረፍቴ ሲገጥም አብሬያቸው እሄድ ነበር። ሁለት ዓመት ተመላለሱ።

ፍርዱ የተሰጠ ዕለት የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ወረቀቱን ሰጡኝ።

"ምን ይላል?"

"ረትተዋል፣ እማማ። ይክፈል ይላል።"

"ከምኑ?"

መኪናዋ ባለፈው ዓመት ተሸጣ ጅማ ሄዳለች። የባለመኪናው ቤት በሚስቱ ስም ነው፤ መሬቱ በልጁ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ኢንሹራንስ ቢኖረው ኖሮ ኩባንያው ይከፍልዎት ነበር፣ እሱን ማሳደድ አያስፈልግዎትም ነበር ብዬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

"እንዲህ ያለ ነገር ካለ ታዲያ ለምን አታስገድዷቸውም?"

"ሕጉ አያስገድድም።"

"ሕጉን የጻፉት ሰዎች በእግራቸው አይሄዱም መሰለኝ" አሉ።

  ወረቀቱን ተቀብለው በአራት አጠፉት፤ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ገበያው ሳይበተን ልድረስ ብለው፣ የቅቤ ቅላቸውን አንሥተው ወደ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ።